የአኒሜ ገጸ ባሕርይ ልብስ፦ ይሰፋ ወይስ ይገዛ?

ኮስፕሌይ የሚወዱትን የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም)፣ የማንጋ (የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ መጽሐፍ) ወይም የጌም ገጸ ባሕርይ ልብስ ለብሶ፣ ፀጉሩንና የእጅ ዕቃውን ጭምር አሟልቶ መታየት ነው። ዋናው መድረኩ ኮንቬንሽን የሚባለው ትልቁ የአድናቂዎች ስብሰባ ነው። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ላሰፋ ወይስ ልግዛ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ለጠቅላላው ልብስ አንድ መልስ መፈለግ አያዋጣም። ቀሚሱ ወይም ካባው፣ ዊጉ፣ ጫማው፣ ሰይፉ የየራሳቸው ሙያ አላቸው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ የወሰነ ሰው ገንዘብም ጊዜም ያተርፋል። ልምድ ያላቸው ኮስፕሌየሮችም ብዙዎቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ልብሱን ይሰፋሉ፣ ዊጉን ይገዛሉ፣ ጫማውን ካላቸው ጫማ ላይ ያበጃሉ።

ነገሩ የተጀመረው ጃፓን ውስጥ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1939 ኒው ዮርክ ውስጥ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም የሳይንስ ልብወለድ ጉባኤ ላይ ፎረስት አከርማንና ሚርትል ዳግላስ የተባሉ ሁለት አድናቂዎች የወደፊት ዘመን ሰዎችን መስለው መጡ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱንም ልብሶች የሠራችው ዳግላስ ናት። ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚቀድመው የአከርማን ስም ነው። በእኔ እምነት ግን ሰፊዋ መቅደም አለባት። ቶኪዮ ውስጥ ኮሚኬት የተባለው፣ አድናቂዎች ራሳቸው ያሳተሙትን ማንጋ የሚሸጡበት ገበያ በ1975 ሲጀመር 32 የደራስያን ቡድኖችና ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ብቻ ነበር የተገኘው። ዛሬ ቶኪዮ ቢግ ሳይት በተባለው ግዙፍ ማዕከል በዓመት ሁለቴ ይካሄዳል፤ መቶ ሺዎች ይጎርፉበታል። ናጎያ ደግሞ ከ2003 ጀምሮ የዓለም ኮስፕሌይ ሰሚትን ታዘጋጃለች። ሰሚቱ በ2005 ወደ ሻምፒዮና አደገ፤ የመጀመሪያውንም ድል ጣሊያኖች ወሰዱት።

ልብሱን ከመጀመራችሁ በፊት የምትሄዱበትን ኮንቬንሽን ሕግ አንብቡ። ምን እንደምትሠሩና ምን እንደምትገዙ የሚወስነው እሱ ነው። ኮሚኬት ላይ ለብሶ መምጣትም ሆነ ለብሶ መሄድ ክልክል ነው፤ እዚያው መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ይለበሳል። ስለዚህ ሻንጣ ውስጥ የማይገባ የትከሻ ጋሻ ቶኪዮ ላይ ዋጋ የለውም። አሜሪካ ውስጥ ሰው ከሆቴሉ ለብሶ ይወጣል። ከ2017 ጀምሮ ዋሽንግተን ዲሲ ላይ የሚደረገው ኦታኮን የተባለው ኮንቬንሽን ሰሞን ባቡሩም መንገዱም በኮስፕሌየር ይሞላል። ቦታው ከዘጠነኛው መንገድ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ብዙም አይርቅም፤ የአካባቢው የእኛ ልጆችም በቀላሉ ይደርሱበታል። ግን የዲሲ በጋ ነውና ሙቀቱ አይጣል ነው። ወፍራም ገበር ያለው ካፖርት ለብሶ ቀኑን ሙሉ መቆም ሰው ይጥላል። ውድድር ከታሰበ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። ናጎያ ላይ ተወዳዳሪው ልብሱን ራሱ መሥራት አለበት። በሌሎች የእጅ ሥራ ውድድሮችም ዳኞች ልብሱን ገልብጠው የውስጥ ስፌቱን ያያሉ። የተገዛ ልብስ ለብሶ መዞርና ፎቶ መነሳት ግን የትም ይቻላል። የሚያሳፍርም ነገር የለውም።

ለመስፋት ለቆረጠ ጀማሪ ጥሩ መነሻ የታንጂሮ ካማዶ ሃኦሪ ነው። ታንጂሮ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነበት ዲሞን ስሌየር የተባለው አኒሜ በ2019 ከወጣ ወዲህ ይህ አረንጓዴና ጥቁር ዳማ ካባ ያልታየበት ኮንቬንሽን የለም ማለት ይቻላል። ሃኦሪ ከኪሞኖ በላይ የሚደረብ አጭር ካባ ነው። ቅዱ ቀላል ነው። ጀርባውም፣ ደረቱም፣ እጅጌውም ቀጥ ያሉ አራት ማዕዘን ቁራጮች ናቸው። ዚፕ የለውም፣ ቁልፍ የለውም። በስፌት መኪና ቀጥ ያለ መስመር መስፋት የቻለ ሰው ይጨርሰዋል።

ፈተናው ዳማው ላይ ነው። የታተመ ጨርቅ መግዛት ይቻላል። አረንጓዴ ጨርቅ ላይ በፕላስተር ካሬ እየለዩ በጨርቅ ቀለም ጥቁር መቀባትም ይቻላል። ሦስተኛው መንገድ ካሬዎቹን ቆርጦ እርስ በርስ መስፋት ነው። አድካሚ ነው፤ ከሦስቱ የሚያምረው ግን እሱ ነው። እዚህ ላይ ሒሳብ አለ። የሚታየው ካሬ 10 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ከፈለጋችሁ 12 በ12 ቁረጡ፤ ከየጎኑ አንድ አንድ ሴንቲ ወደ ስፌቱ ይገባል። 10 በ10 አድርጎ የቆረጠ ሰው በአሥር ካሬ ወርድ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ይጠፋበታል። ካባው ደረቱ ላይ አይደርስም። ጥጥ ከሆነ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፤ በኋላ ይሰበሰባልና። እያንዳንዱን ረድፍ ስትጨርሱ ደግሞ የስፌቱን ትርፍ ወደ ጥቁሩ በኩል አጥፋችሁ በካውያ ተኩሱት። ወደ አረንጓዴው ከታጠፈ ጥቁሩ ከሥር ያስታውቃል።

ዳማው በጃፓን የቆየ ንድፍ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የካቡኪው ተዋናይ ሳኖጋዋ ኢቺማትሱ መድረክ ላይ ለብሶት ፋሽን ሆነ። የዲሞን ስሌየር ማንጋ አሳታሚ ሹኤይሻ ይህንን የታንጂሮ ንድፍ በንግድ ምልክትነት ሊያስመዘግብ ጠይቆ ነበር። የጃፓን የፓተንት ቢሮ በ2021 ውድቅ አደረገበት። የአንዳንድ ሌሎች ገጸ ባሕርያት ንድፎች ግን ተመዝግበዋል። ለራስ ሰፍቶ መልበስና ሰፍቶ መሸጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ መሸጥ ያሰበ ሰው የባለመብቱን ነገር ማጣራት አለበት።

ጋሻ፣ የራስ ቁርና ሰይፍ የሚሠሩት ባብዛኛው ከፎም ነው። የልጆች መጫወቻ ክፍል ወለል ላይ የሚነጠፈው ዓይነት ነው። 10 ሚሊ ሜትሩ ለወፍራም ጋሻ፣ 5ቱ ለአካል፣ 2ቱ ለጌጥ ይሆናል። ሙቅ አየር በሚነፋ መሣሪያ ሲሞቅ ይተጣጠፋል፤ ሲበርድ በያዘው ቅርጽ ይቀራል። የሚያያዘው በማስቲሽ ነው። ሁለቱም ጎኖች ይቀባሉ፤ ሲነኩት እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ ይጠበቃል፤ ከዚያ ይገጠማል። አንዴ ከተነካካ አይላቀቅምና አገጣጠሙን ቀድሞ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ይበጃል። ማስቲሽ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሠራበትም። መስኮት ይከፈት፤ ለሽታውና ለፍቅፋቂው ብናኝ የሚሆን ማስክ ይደረግ። ይህን ችላ የሚሉ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ሳንባ ግን መለዋወጫ የለውም።

ዊግ ይገዛ። ከባዶ መሥራት ለጀማሪ የሚመከር አይደለም። ሙቀት የሚችል መሆኑን አረጋግጡ፤ ካልሆነ ፀጉር ማድረቂያ ያቀልጠዋል። የአኒሜን የቆመ ፀጉር ለማምጣት ፀጉሩ በትንሽ በትንሹ ተለይቶ ስፕሬይ ይነፋበታል፣ በማድረቂያ ይደርቃል፣ ከዚያ ጫፉ ይስተካከላል። ለእኛ ፀጉር ደግሞ ጥሩ መላ በእጃችን ነው፦ ወደ ኋላ የተሠራ ቀጭን ሹሩባ። ከሥሩ ጠፍጣፋ ስለሚሆን ዊጉ አይነሳም፤ መያዣውም አጥብቆ ይይዛል።

ስለ ቆዳ ቀለምም አንድ ነገር መባል አለበት። ገጸ ባሕርይው ነጣ ያለ ነው ተብሎ ጥቁር ሰው ፊቱን አያነጣም፤ ማንም ይህን የመጠየቅ መብት የለውም። አሜሪካዊቷ ቻካ ከምበርባች በ2015 የጥቁር ኮስፕሌየሮችን ሥራ በየካቲት ወር የሚያሳይ የ28 ቀን ዘመቻ የጀመረችው ጥቁሮች በመልካቸው እየተሰደቡ ስለነበር ነው። ገጸ ባሕርይው የሚታወቀው በልብሱ፣ በፀጉሩና በአቋሙ ነው።

ወደ ግዢው ስንመጣ፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የኮስፕሌይ ልብስ ባብዛኛው ቻይና ውስጥ የሚሰፋ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ቁጥሩ ጠባብ ነው፤ የለመዳችሁት ኤም ላይገባችሁ ይችላል። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌና የእጅ ርዝመታችሁን ሌላ ሰው ይለካችሁና ከሻጩ ሠንጠረዥ ጋር አስተያዩት። በልክ የሚሰፉም አሉ፤ ትንሽ መጨመር ያዋጣል። ሁለተኛ፣ በጥርና በየካቲት የቻይና አዲስ ዓመት ሲመጣ ፋብሪካ ይዘጋል። ለመጋቢት ኮንቬንሽን በጥር ማዘዝ ቁማር ነው። የሻጩን ፎቶ ሳይሆን የገዢዎችን ፎቶ እዩ። ብልጭልጭ ርካሽ ሳቲን በካሜራ መብራት ሥር ወዲያው ያስታውቃል። ጥልፍ መሆን ያለበት ታትሞ ከሆነ ዋጋውም በዚያው ልክ መውረድ አለበት። ጃፓን የደረሰ ሰው አኪሃባራንና ኢኬቡኩሮን፣ ሁለቱን የቶኪዮ ሰፈሮች፣ ይይ። በ1995 የተመሠረተው ኮስፓ የተባለ ኩባንያ ፈቃድ ያለው ልብስ ይሠራል፤ ማንዳራኬ የተባለው ሱቅ ደግሞ ያገለገለ ይሸጣል።

በመግዛትና በመስፋት መካከል ማሰፋት አለ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጨርቅ ገዝቶ፣ ተለክቶ፣ ቀብድ ከፍሎ ማሰፋት አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም የተለመደ ነው። ልብስ ሰፊው አኒሜ ባያውቅም ኮሌታ ያውቃል፣ እጅጌ ያውቃል። ፎቶ ብቻ ይዞ መሄድ ግን አይበቃም። የተሳለ ልብስ ዚፕ የለውም። ሠዓሊው በየት በኩል እንደሚወለቅ አላሰበበትም። ስለዚህ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ የተነሳ ሥዕል ይዛችሁ ሂዱ። መክፈቻው ጀርባ ላይ ይሁን ብብት ሥር፣ ኪስ ይኑረው አይኑረው፣ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት በርካሽ አቡጀዲ አንዴ ሰፍቶ መለካት ውድ ጨርቅ ያድናል። ጫማችሁንና ዊጋችሁን አድርጋችሁ ተለኩ፤ የቀሚሱ ርዝመት በተረከዙ ይቀየራልና።

ዓይን ላይ ድርድር የለም። ባለቀለም ሌንስ አሜሪካ ውስጥ እንኳ ለጌጥ ቢሆን ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ ሕገወጥ ነው፤ ምክንያቱም ልኩ ያልሆነ ሌንስ ብሌን ያቆስላል። ከመንገድ ላይ አይገዛም፤ ከጓደኛም አይዋስም።

በዕለቱ መርፌ፣ ክር፣ መርፌ ቁልፍና ፈጣን ማጣበቂያ ያዙ። ሰይፍና ጦር በር ላይ ይፈተሻል፤ ብረት ብዙ ቦታ አይገባም። ማታ ስትመለሱ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ጨምቃችሁ አትተዉት። ላብ ከደረቀ ቀለም ያበላሻል። ጥጡ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፣ ፎሙ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ ዊጉ በሰፊ ማበጠሪያ ከጫፉ ጀምሮ ይበጠር። ሁለተኛ የማትለብሱት ከሆነ በጊዜ ሽጡት፤ ያገለገለ ልብስ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው አኒሜው ገና ሲወራለት ነው።