ነጩ የሺንቶ ዕቃና የአሪታ ፖርሴሊን

ባህሉን በሚጠብቁ የጃፓን ቤቶች ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ትንሽ የእንጨት መደርደሪያ ይታያል። ካሚዳና ይባላል። የጃፓን ነባር እምነት በሆነው በሺንቶ፣ ካሚ ለሚባሉት መናፍስት መሥዋዕት የሚቀርበው እዚያ ነው።

የመሥዋዕቱ ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ ነጭ ፖርሴሊን፣ ማለትም ከተፈጨ ድንጋይ የሚሠራ ጠንካራ ሸክላ ናቸው። ሥዕል የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ከቡና ሲኒ አይበልጡም። ሩዝና ጨው በትንንሽ ዝርግ ሳህን ይቀርባል። ውሃው ክዳኗ ሾል ባለ ድቡልቡል ዕቃ፣ ሳኬ የተባለው የሩዝ መጠጥ ደግሞ አንገታቸው ቀጭን፣ ትከሻቸው ሰፊ በሆነ ጥንድ ጠርሙሶች ይቀመጣል። ግራና ቀኝ ሳካኪ የሚባል ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ ቅርንጫፍ ይሰካል። በልማዱ ቅርንጫፉ ወር በገባ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ይቀየራል።

ለምን ነጭ? ሺንቶ ንጽሕናን አጥብቆ ይዟል። ካሚም በተራራ፣ በፏፏቴና በትልልቅ ዛፎች ያድራል ይባላል። ታዲያ ሳህኑ ላይ ተራራ መሣል ምን ያደርጋል? ሳህኑ ራሱ ከተራራ የወጣ ነው።

ይህ በደንብ የሚታየው በኪዩሹ ደሴት፣ ሳጋ ግዛት ውስጥ ባለችው አሪታ ነው። እዚያ የኢዙሚያማ ተራራ ድንጋይ ይወቀጥ፣ በውሃ ይጣራ፣ ይቦካ ነበር፤ በመጨረሻም 1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ እሳት ይተኮስ ነበር። ከ400 ዓመት ቁፋሮ በኋላ ተራራው ተቦርቡሮ ገደል ሆኗል።

ድንጋዩን እ.ኤ.አ. በ1616 አካባቢ ያገኘው ኮሪያዊው ሸክላ ሠሪ ዪ ሳምፕዮንግ እንደሆነ ይተረካል። ጃፓን ከ1592 እስከ 1598 ኮሪያን በወረረችበት ጊዜ የአካባቢው ገዥ ናቤሺማ ናኦሺጌ ሠራዊት ይዟቸው ከመጣ ሸክላ ሠሪዎች አንዱ ነው። ዛሬ ገዥውም ሸክላ ሠሪውም እ.ኤ.አ. በ1658 በተመሠረተው የቶዛን መቅደስ አብረው ይመለካሉ። ነገሩ ግርም ይላል፤ አፍላሹና ተፈናቃዩ አንድ ጣሪያ ሥር!

የቶዛን ትልቁ ጉድ ግን ቶሪው፣ ማለትም የመግቢያ በሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 የቆመ ሲሆን ሙሉ ገጹ ፖርሴሊን ነው፤ ነጩ ላይ ሰማያዊ ሐረግ ተስሎበታል። ጠባቂ አንበሶቹና ፋኖሶቹም ፖርሴሊን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1956 አውሎ ነፋስ ቶሪውን ቢጎዳውም ተጠግኖ እንደገና ቆሟል። ወደዚያ የሚወጣ ሰው ደረጃው መሃል የባቡር ሐዲድ ማቋረጥ አለበት፤ ስለዚህ ግራ ቀኙን ማየት ግድ ነው።