«ሳይቃጠል በቅጠል»፦ የጎረቤት እሳትና የራስ ጣራ

ጅማ ውስጥ ሽማግሌ ለእርቅ ከተቀመጠ ይህን አባባል ሳያነሳ አይነሳም ማለት ይቻላል። ባልና ሚስት መኮራረፍ ሲጀምሩ፣ ወይም ሁለት ነጋዴዎች ሂርማታ ገበያ ላይ በሒሳብ ሲጨቃጨቁ፣ አንዱ ጣልቃ ይገባና «ኧረ ተዉ፣ ሳይቃጠል በቅጠል!» ይላል። ነገሩ ሳይከር፣ ገና ትንሽ እያለ አብርዱት ማለቱ ነው።

መነሻው የሳር ቤት ኑሮ ነው። በጋ ላይ የጣራው ሳር ክው ብሎ ይደርቃል። እሳት ብልጭ ካለ እንስራ ይዞ ወንዝ ለመውረድ ጊዜ የለም። ሰው ቅርቡ ካለው ዛፍ እርጥብ ቅርንጫፍ ይዘነጥፍና እሳቱን ይደበድበዋል። ቅጠል የሚሠራው ታዲያ እሳቱ ትንሽ ሳለ ብቻ ነው። ጣራው ከተያያዘ ቅጠሉም አብሮ ይነዳል። አባባሉ «አጥፋው» የሚለውን እንኳ ሳይጨምር በአጭሩ የሚቆመው ለዚህ ይመስለኛል፤ የሚሮጥ ሰው ንግግር ነው።

እሳቱ ሁልጊዜ ከራስ ምድጃ አይነሳም። ቤቶቹ ተጠጋግተው ሲሠሩ ነፋስ ከጎረቤት ጣራ ፍንጣሪ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የጎረቤቱን ጭስ ያየ ሰው ቅጠል ይዞ ይወጣል፤ ጎረቤቱን ለመርዳትም፣ የራሱን ጣራ ለመጠበቅም። «ጓደኛህ ሲታማ ለእኔ ብለህ ስማ» የሚለውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

እኔ ይህ አባባል ለአገር አስተዳደርም ይሠራል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ጎረቤት አገር ውስጥ አንድ መሪ ምርጫ ሲያስቀር፣ ጋዜጣ ሲዘጋ፣ ዳኛ ሲያባርር፣ ድንበር ቀድሞ የሚሻገረው ምኞት ነው። «እነሱ እኮ ጠንካራ ሰው አገኙ፣ አገሩን ቀጥ አደረገው» የሚል ወሬ ቡና ላይ ይጀመራል። ፍንጣሪው እሱ ነው።

ለጅማ ሰው ይህ የሩቅ ተረት ሊሆን አይገባም። በጊቤ አካባቢ የገዳ ሥርዓት ነበር፤ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፣ ሕግም በጉባኤ ይወጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን በጦርነትና በንግድ የበረቱ የጦር መሪዎች ሥልጣን ማስረከቡን ተዉት። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጅማና ጌራ ሁሉም የንጉሥ አገር ሆኑ። ጅማ ላይ ቀዳማዊ አባ ጅፋር የነገሡት እ.ኤ.አ. በ1830 ገደማ ነው። ጅማ አጠገብ ጂሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እወደዋለሁ፣ እንግዳ ሲመጣም መጀመሪያ የምወስደው እዚያ ነው። ያም ሆኖ ከዚያ ኮረብታ ላይ ቆሜ ስለ ገዳው ሳላስብ አልቀርም። ጎረቤት ንጉሥ ጦር ሲያዘምት «የኛም መሪ ትንሽ ይቆይልን» ያለ ሰው አይጠፋም ነበር።

ቅጠሉን በጊዜ የያዘ አገር ማየት የፈለገ ሴኔጋልን ይመልከት። በጎረቤቷ ማሊ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ተደረገ፤ በግንቦት 2013 ተደገመ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሌላዋ ጎረቤት ጊኒ ተከተለች። በማሊ ዋና ከተማ ባማኮ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ለወታደሮቹ አጨብጭቦ ነበር። የማሊ ወታደሮች ለየካቲት 2016 ቃል የገቡት ምርጫ ሳይደረግ ቀረ። በግንቦት 2017 የፖለቲካ ፓርቲዎች በሙሉ እንዲፈርሱ ተደረገ።

ማሊ ያለ ምርጫ ባለፈችበት በዚያው የካቲት፣ ሴኔጋል ውስጥም ምርጫ ተቆርጦ ነበር፤ ለ17ኛው ቀን። ጥር 25 ላይ ፕሬዚዳንት ማኪ ሳል አራዘሙት። ፓርላማው፣ የጸጥታ ኃይሎች ተቃዋሚ አባላትን ከአዳራሹ ካስወጡ በኋላ፣ ቀኑን ወደ ታኅሣሥ ገፋው። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ልብ በሉ፣ የተባለው እኮ የ10 ወር ገደማ መራዘም ብቻ ነው። ታንክ አልወጣም፣ በቴሌቪዥን መግለጫ ያነበበ ወታደርም የለም። «ምን አለበት፣ ታኅሣሥ ይደርሳል» ብሎ ቤቱ መቀመጥ ይቻል ነበር። ቅጠል የሚሠራበት ሰዓት እንዲህ ያለው ነው፤ ገና ምንም ያልመሰለ ጊዜ።

የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ የካቲት 7 ቀን ማራዘሙን ሻረው። ፕሬዚዳንቱም ውሳኔውን እንደሚያከብሩ ተናገሩ። መጋቢት 15 ምርጫው ተደረገ። ከ10 ቀን በፊት ከእስር የወጡት የተቃዋሚው ወገን እጩ ባሲሩ ጁማይ ፋይ በመጀመሪያው ዙር 54 በመቶ ድምፅ አገኙ። የገዥው ወገን እጩ አማዱ ባ፣ ይፋዊው ውጤት እስኪነገር ሳይጠብቁ፣ በማግስቱ ደውለው እንኳን ደስ ያለዎት አሏቸው።