የሽንት ዲፕስቲክ ምንድን ነው?

ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ክሊኒክ የላብራቶሪ መስኮት ፊት ወረፋ ይዣለሁ። ከፊቴ ያለችው ልጅ ወረቀቷን ተቀብላ «ናይትራይት ፖዘቲቭ ይላል፤ ምንድን ነው?» ትላለች። ባለሙያው «ለዶክተሩ አሳዪው» አላት። አብረዋት የመጡት እናቷ ግን መልሱ አላቸው፦ «ብርድ ነው እኮ! ሲሚንቶ ላይ አትቀመጪ አላልኩሽም?»

ናይትራይት የሚለው ውጤት የመጣው ከዲፕስቲክ ነው። ዲፕስቲክ ቀጭን የፕላስቲክ ቁራጭ ናት፤ ላይዋ ላይ ትናንሽ ካሬዎች በተርታ ተለጥፈዋል። ሽንት ውስጥ ነከር ተደርጋ ትወጣለች። ካሬዎቹ ቀለም ሲቀይሩ ዕቃዋ ላይ ካለው የቀለም ሰንጠረዥ ጋር ይተያያሉ። ስኳርም፣ ፕሮቲንም፣ ደምም ታሳያለች። ለኢንፌክሽን ግን ዋናዎቹ ሁለት ካሬዎች ናቸው።

አንዷ የናይትራይት ናት። ከምግብ ያገኘነው ናይትሬት በሽንት ይወጣል። አብዛኛውን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚያመጣው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ይህን ናይትሬት ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፤ ካሬዋም ሮዝ ትሆናለች። የቀለሙን ዘዴ ያመጣው ፔተር ግሪስ የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ የሽንት ምርመራ ከቢራ ቤት ሰው መምጣቱ ያስቀኛል።

ጤነኛ ሽንት ውስጥ ናይትራይት አይጠበቅም። ስለዚህ ካሬዋ ሮዝ ከሆነች ባክቴሪያ ሳይኖር አይቀርም። ሮዝ ካልሆነች ግን «የለም» ብሎ መደምደም አይቻልም። ባክቴሪያው ሥራውን ለመጨረስ ሽንቱ ፊኛ ውስጥ 4 ሰዓት ያህል መቆየት አለበት። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ችግሩ፣ ኢንፌክሽን የያዘው ሰው በየግማሽ ሰዓቱ ሽንት ቤት ይሮጣል! ኢንቴሮኮከስን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ደግሞ ከነጭራሹ ናይትራይት አይሠሩም። ቫይታሚን ሲ በብዛት የወሰደ ሰውም ካሬዋን ሊያታልላት ይችላል። የስትሪፑ (የዲፕስቲኳ) ዕቃ ክዳኑ ክፍት ከዋለ ደግሞ አየሩ ራሱ ካሬዋን ሮዝ ያደርጋታል፤ ያኔ ጤነኛውም ታማሚ ይሆናል።

ሌላዋ ካሬ ነጭ የደም ሴል ከሚለቀው ኤንዛይም ጋር ነው ጉዳይዋ። ነጭ የደም ሴል ግን ለባክቴሪያ ብቻ አይመጣም። የኩላሊት ጠጠር ያመጣዋል፤ ሽንቱ ሲቀዳ የተቀላቀለ የማህፀን ፈሳሽም ያመጣዋል። «መጀመሪያ ትንሽ ሸንተሽ፣ መሐሉን ቅጂ» የሚባለው ለዚህ ነው።

እርግጠኛውን ነገር የሚናገረው ካልቸር ነው። ባክቴሪያ ይበቅል እንደሆነ ለማየት ሽንቱ ሳህን ላይ ይዘራል፣ ሙቀት ውስጥ ያድራል፤ ውጤቱ አንድ ሁለት ቀን ይወስዳል። ዲፕስቲክ ያንን ውጤት ቀድማ ትገምታለች ማለት ነው። ሁለቱም ካሬዎች ባዶ ከሆኑ ካልቸሩም አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያበቅልም። ሁለቱም ከቀለሙ ግምቱ ይጠነክራል። ነጭ ሴሉ ብቻ ከታየ ነገሩ መሐል ላይ ነው፤ ሐኪሙ ያቃጥልሽ እንደሆነ፣ ትኩሳት ይኑርሽ አይኑርሽ መጠየቅ አለበት። እርጉዝ ሴት ላይ ደግሞ ስትሪፕ ብቻውን አይበቃም፤ ሕመም ባይሰማትም ካልቸር ያስፈልጋታል።

ስትሪፑ ፈጽሞ የማይነግረን ባክቴሪያው የትኛውን መድኃኒት እንደሚፈራ ነው። ያንን የሚነግረን ካልቸር ነው። ባለፈው የተረፈች ሲፕሮ የምትባል አንቲባዮቲክ ከመሳቢያ አውጥቶ መዋጥ የማይመቸኝ ለዚህ ነው።

ካልቸርም ቢሆን ይሳሳታል። ቤት የተቀዳ ሽንት ሜክሲኮ የታክሲ ወረፋ ላይ ሁለት ሰዓት ከቆየ፣ ጥቂት የነበረው ባክቴሪያ ብልቃጡ ውስጥ ይራባል። እዚያው ክሊኒኩ ቢቀዳ ይሻላል፤ ካልተቻለም ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ።

ልጅቷ ከሐኪሙ ክፍል ስትወጣ የመድኃኒት ማዘዣም የካልቸር ወረቀትም ይዛ ነበር። እናቷ ቀድመው ፋርማሲው በር ደርሰዋል። የላብራቶሪው ልጅ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ጠራት፦ «እህቴ! ኪኒኑን ሳትጀምሪ መጀመሪያ ሽንቱን ስጪኝ።»