የአውራ ዶሮው እርምጃ ትዕግሥት አይደለም

በቅርቡ ሙኒክ ውስጥ በአንድ የማኅበር ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው የመዋጮውን ነገር ሲያስረዱ፣ «ጀርመኖች እንደሚሉት በአውራ ዶሮ እርምጃ እየሄድን ነው፤ የኛም ሰው ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላል» አሉ። ተጨበጨበላቸው። እኔ ግን ከነከነኝ። እንቁላሉ ትዕግሥትን ያስተምራል፣ ልክ ነው። ዶሮው ግን ስለ ትዕግሥት ያለው ነገር የለም። እሱ ሒሳብ ያዥ ነው።

አባባሉ አራት ሐረግ አለው። በባቫሪያ ገጠር እንዲህ ይላሉ፦ ቀኑ በገና በትንኝ እርምጃ፣ በአዲስ ዓመት በአውራ ዶሮ እርምጃ፣ በሦስቱ ነገሥታት በአጋዘን ዝላይ፣ በሊኽትሜስ ሙሉ ሰዓት ያድጋል። የሚያድገው የቀኑ ብርሃን ነው፤ ሦስቱ ነገሥታት በእነሱ ጥር 6፣ ሊኽትሜስ ደግሞ በየካቲት መጀመሪያ የሚውሉ በዓላት ናቸው። በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ ትንኟ አትራመድም፣ ታዛጋለች፤ ቀኑ የሚያድገው ትንኝ ስታዛጋ አፏን በምትከፍተው ልክ ነው። እኔ ይቺኛዋን እወዳታለሁ። በበረዶ ወራት ትንኝ ከየት መጣች የሚል ካለ፣ ብርዱ ትንሽ ሲለዝብ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ የሚጨፍሩ የክረምት ትንኞች ጀርመን ውስጥ አሉ። ገበሬው ያየውን ነው የተናገረው።

ሙሉውን የሰማነው በባቫሪያው ጫካማ አገር በባየሪሸር ቫልድ፣ ወደ ቼክ ድንበር በሚጠጋ አንድ መንደር፣ ወዳጆቻችን የእነሱን ገናና አዲስ ዓመት አብረን እንድናሳልፍ ከነልጆቻችን የጠሩን ጊዜ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች። ልጆቻችን ገና በበረዶው ተጫውተው ሳይጠግቡ ይጨልማል፤ ያኮርፋሉ። የቤቱ ባለቤት እናት፣ ልጆቹ ወዲያው «ኦማ» ማለት የጀመሯቸው አሮጊት፣ ፖም እየላጡ አራቱን ሐረግ በጣታቸው ቆጠሩላቸው። ልጆቹ ትንኟና ዶሮው አሳቋቸው። ኦማ ግን አልሳቁም። ሙሉ ሰዓት የሚለው ላይ ሲደርሱ ቢላዋውን አስቀምጠው፣ «ያኔ ድርቆሹ ግማሽ መሆን አለበት» አሉ።

በማግስቱ ጎተራው ላይ ይዘውን ወጡ። የድሮው ቤት ሰውም ከብትም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩበት ነው፤ ከላይ ድርቆሹ ይከመራል፣ ከታች በረቱ አለ። ከብቶቹ በኅዳር ከገቡ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ሣር አያዩም። ሊኽትሜስ የሚውለው በእነሱ የካቲት 2 ነው፣ የበረቱ ወራት እኩሌታ ላይ። ከድርቆሹ ግማሹ ካልተረፈ ላሟ ፀደይን አታይም። ምሰሶው ላይ በመጥረቢያ የተቆረጠ አሮጌ ምልክት አሳዩን፤ ክምሩ በዚያ ዕለት ከዚያ በታች መውረድ የለበትም። የእኔ አያት ጎጃም ውስጥ በነሐሴ ጎተራውን ከታች ወደ ላይ በመዳፋቸው እያንኳኩ የሚያዳምጡት ትዝ አለኝ። ድምፁ ባዶ የሆነበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ዝም ይሉና ለቁርስ የሚታደለው እንጀራ ይቀንሳል። ያንን ዝምታ ያወቀ ሰው ዶሮው ስለ ምን እንደሚራመድ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

ሊኽትሜስ የሻማ በዓል ነው፤ እኛ የካቲት 8 ቀን ሽማግሌው ስምዖን ሕፃኑን የታቀፈበት ብለን የምናስበው ያው በዓል ነው። በባቫሪያ በእነሱ አቆጣጠር እስከ 1912 ድረስ ሥራ የሚዘጋበት ቀን ነበር። ለገበሬ ቤት አሽከርና ገረድ ዓመቱ የሚያልቀውም በዚያን ዕለት ነው፤ የዓመት ደመወዙን ይቀበላል፣ ጌታው ካልተመቸው ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ ቤት ይገባል። የመብራት ሥራም ያከትማል። ከመጸው ጀምሮ ሴቶቹ ማታ ማታ ተሰብስበው ሲፈትሉ የሚያበራላቸው ብዙ ጊዜ ሙጫ ያዘለ የጥድ ስንጥር ነበር፤ ይጨሳል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ቶሎ ያልቃል። በሊኽትሜስ እንዝርቱን እርሳ፣ እራትህን በቀን ብርሃን ብላ የሚል ሌላ አባባልም አላቸው። ከብት፣ መብራት፣ ደመወዝ፤ ሦስቱም ሒሳብ የሚዘጋው ሙሉ ሰዓት በተባለው ቀን ነው።

አሁን ደግሞ የእኔን መላምት ስሙኝ። እነዚህ እርምጃዎች እንዲሁ የተባሉ አይመስለኝም፤ የጥላ ልኬት ናቸው። አባቶቻችን የጾሙን ዘጠኝ ሰዓት ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ያወጡ ነበር፤ የባቫሪያው ገበሬ በረዶ ላይ ከዚያ የተሻለ ሰሌዳ ነበረው። ሁለት ሜትር የሚቆም የአጥር እንጨት በዚያ አገር ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት በእነሱ ታኅሣሥ 21 እኩለ ቀን ላይ ስድስት ሜትር ከሩብ ገደማ ጥላ ይጥላል። አስልቼዋለሁ፤ እስከ ገና ጥላው የሚያጥረው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ትንኝ! እስከ አዲስ ዓመት ዐሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በረዶ ላይ የአውራ ዶሮ አንድ እርምጃ። አጋዘኑ ላይ ስደርስ እርግጥ መላምቴ ያነክሳል፤ በሠላሳ አምስት ሴንቲ ሜትር የሚዘል አጋዘን የለም። ግን ሦስተኛው ሐረግ ላይ ትንሽ ያላጋነነ ገጣሚ የት አገር አለ? ሙሉ ሰዓቱ ደግሞ የምሽቱ ብቻ ነው ባይ ነኝ። የጠዋቱም ከተቆጠረ ቀኑ በሊኽትሜስ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ጨምሯል፤ ፀሐይ የምትጠልቅበት ብቻ ሲታይ ግን ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ነው፣ ለገበሬ ሙሉ ሰዓት። ስንጥሩ የሚነደው ማታ ስለሆነ ማታውን ለኩ።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ አባባል ያልተወለደው ስላላስፈለገ ይመስለኛል። አዲስ አበባ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም፤ ባየሪሸር ቫልድ ግን ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ኦማ የእኛ ገና ከሦስቱ ነገሥታት ማግስት እንደሚውል ሲሰሙ ግን ደስ አላቸው፤ «እናንተ ከአጋዘኑ ጋር ነው የምትጀምሩት፣ ትንኟን ዘለላችኋት» አሉ።

ጀርመኖቹም ቢሆኑ አይታሙም። ዶሮውን ብቻ ቆርጠው ለሰነፍ ሰው ማጽናኛ የሚያደርጉት አሉ፤ የእኛ ሰው ከእነሱ ሰምቶ የባሰውን ይጨምራል። እየፈጠነ የሚሄድ ነገር እንዴት የቀስታ ምሳሌ ይሆናል? በጥር መጀመሪያ የማሞቂያ ዘይቱ በርሜል ከግማሽ በታች ወርዶ ባልና ሚስት ሲተያዩ፣ ያኔ በሉት። ለጀርመንኛ ትምህርታችሁ፣ ለትዳር ፍለጋችሁ፣ ለመኖሪያ ፈቃድ ወረፋችሁ ግን ተዉት፤ የመኖሪያ ፈቃድ ወረፋ እንኳን በዶሮ፣ በትንኝ ማዛጋትም ሲንቀሳቀስ አይቼ አላውቅም።