የአፍንጫ ግድግዳ መጣመም ምንድን ነው? ያለ ቀዶ ጥገናስ ምን ይደረግለታል?

አንዱ የአፍንጫው ቀዳዳ ዘወትር የሚታፈንበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ሳይነስ አለብኝ» ነው የሚለው። ሐኪም በመብራት ሲያየው ግን ሁለቱን ቀዳዳዎች የሚለየው ግድግዳ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ሊያገኘው ይችላል። ግድግዳው ሴፕተም ይባላል፤ ፊቱ እንደ ጆሮ የሚተጣጠፍ ልም አጥንት፣ ኋላው ጠንካራ አጥንት ነው። አንዳንዱ አብሮት ይወለዳል፣ አንዳንዱ በልጅነቱ ኳስ ሲመታው ያመጣዋል። ፍጹም ቀጥ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

ጠብታም ሆነ እንፋሎት አጥንት አያቃናም። የሚታከመው ከጎኑ ያለው ሥጋ ነው። በአፍንጫ ውስጥ ግራና ቀኝ ደም እየሞላቸው የሚያብጡ ሥጋዎች አሉ፤ በየጥቂት ሰዓቱ ተራ ይገባሉ፣ አንዱ ሲያብጥ ሌላው ይሟሽሻል። ሰፊ አፍንጫ ይህን አያስተውለውም። በጠበበው ወገን ግን ትንሿ እብጠት መተንፈሻውን ትዘጋዋለች፤ አለርጂ፣ አቧራና የእጣን ጭስ ሲታከልበት ይብሳል። ስለዚህ መታፈኑ መጣ ሄድ የሚል ከሆነ መድኃኒት ይረዳዋል። ጠዋትም ማታም ያው ከሆነ ግን የግድግዳው ጣጣ ሳይሆን አይቀርም።

ሥጋውን የሚያሳንሰው እንደ ፍሉቲካሶን ያለ የስቴሮይድ ስፕሬይ ነው። በ2 ቀን ለውጥ አላየሁም ብለው የሚጥሉት ብዙዎች ናቸው፤ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። አያያዙም ወሳኝ ነው፦ ለግራው ቀዳዳ በቀኝ እጅ ይዞ፣ ጫፉን ወደዚያው ወገን ዓይን የውጭ ጥግ አዙሮ መርጨት። ወደ ግድግዳው ከተረጨ ያደርቀዋል፣ ያደማዋልም። ወዲያው የሚከፍቱት እንደ ኦክሲሜታዞሊን ያሉት ከ3 ቀን ካለፉ መልሰው ያፍናሉ። ቪክስማ በሜንቶሉ ቅዝቃዜ አየር የገባ ያስመስላል እንጂ መንገዱን አያሰፋውም።

በጨው ውኃ ማጠብ ርካሽ ነው፤ ለ240 ሚሊ ሊትር ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አዮዲን የሌለው ጨው ይበቃል። ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ቦታ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ባልፈላ ውኃ ውስጥ በአፍንጫ በኩል አንጎል የሚደርስ አሜባ ሊኖር ይችላል። አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ቢሆንም ገዳይ ነው።

ከአፍንጫ በላይ የሚለጠፈው ፕላስተር ለሁሉም አይሠራም። ጣትዎን ከአፍንጫዎ አጠገብ ጉንጭዎ ላይ አድርገው ቆዳውን ወደ ጆሮዎ ሳብ ያድርጉት። አየሩ ከተከፈተ ፕላስተሩም ሳይረዳዎት አይቀርም።

ከአንድ ወገን ብቻ ደም ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከመጣ ግን ይህን ሁሉ ትቶ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ሌሊትስ? በጎን ሲተኙ የታችኛው ቀዳዳ ያብጣል። ብዙ ሰው የታፈነውን ወደ ላይ አድርጎ ይተኛና ደህናውንም ያጣዋል። ግራው ከታፈነ በግራ ጎን፣ ትራሱን ከፍ አድርጎ።