የሞገድ ጥላ ምንድን ነው?

የሞገድ ጥላ ማለት ከማሰራጫ ጣቢያ ወይም ከስልክ ማማ የሚነሣው የሬዲዮ ሞገድ በተራራ፣ በኮረብታ ወይም በትልቅ ሕንፃ ተከልሎ የማይደርስበት፣ ቢደርስም እጅግ ተዳክሞ የሚደርስበት ቦታ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ «እዚህ ሰፈር ኔትወርክ የለም» የሚባልበትን ቦታ ከቀጣዩ ሰፈር የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ከማማው ያለው ርቀት ሳይሆን በቤቱና በማማው መካከል የቆመው ነገር ነው።

ከተማዋን በሰሜን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ማሰራጫ የተተከለበት የፉሪ ተራራ ይከቧታል። ከፉሪ የሚነሣ ሞገድ ሜዳውን ተሻግሮ የእንጦጦን ደቡባዊ ፊት ያለ ችግር ሲያገኝ፣ ከተራራው ጀርባ ያለው የሱሉልታ አካባቢ ግን ይከለልበታል። ይሁንና ሞገድ የተራራን ጫፍ ሲነካ በመጠኑ ወደ ታች ስለሚታጠፍ፣ ከግርጌው ተጠግቶ የተሠራ ቤት ምንም ሳይደርሰው፣ ከዚያ ይበልጥ ርቆ ሜዳው ላይ ያለ ቤት በደህና ሊቀበል ይችላል።

የመታጠፉን መጠን የሚወስነው የሞገዱ ርዝመት ነው። የኤፍኤም ሬዲዮ ሞገድ ወደ 3 ሜትር ይረዝማል፤ በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራው የስልክ ሞገድ 33 ሴንቲ ሜትር፣ በ2100 ሜጋኸርዝ የሚሠራው የኢንተርኔት ሞገድ ደግሞ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ባጠረ ቁጥርም መታጠፉ ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ሬዲዮው ጥርት ብሎ እየተሰማ፣ ስልክም እየተደወለ፣ ኢንተርኔት ግን አልከፍት ቢል አያስገርምም። በዚያ ላይ ለሬዲዮ መቀበል ብቻ ሲበቃው ስልክ ለማማው መልስ መላክ አለበት፤ በጥላ ውስጥ ያለ ስልክም መልሱ እንዲደርስለት ኃይሉን ስለሚጨምር ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ቆርቆሮ ጣሪያና የብረት መዝጊያ ደግሞ የተረፈውን ሞገድ ይመልሱታል፤ ስልኩ መስኮት ላይ ተቀምጦ በስፒከር የሚወራው፣ ሲብስም ደዋዩ ጋቢውን ደርቦ ወደ ግቢው ጥግ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ተራራና ባሕር በሚገናኙበት ጠረፍ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። እንደ ኖርዌይ ባለ አገር በገደሎች መካከል የተወሸቀ መንደር በቅርቡ ካለ ማማ ላይቀበል ሲችል፣ ፊቱ ገላጣ የሆነለት መርከብ ግን ከሩቅ ይቀበላል። እንደ ቀይ ባሕር ባሉ ሞቃት ውኃዎች ላይ ደግሞ እርጥቡ የታች አየርና ደረቁ የላይ አየር ሲደራረቡ ሞገዱን እንደ ቦይ ስለሚመሩት፣ የማዶ አገር ጣቢያ አንዳንዴ ያለ ልማዱ ይገባል። ደጋው ላይ ይህ ሲሳይ የለም።

ከገደል ነጥሮ የሚመጣ ሞገድም ከቀጥተኛው ዘግይቶ ስለሚደርስ ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ በድሮው አናሎግ ቴሌቪዥን የዜና አንባቢውን ፊት ድርብ ያደርገው ነበር፣ በዲጂታል ግን መዘግየቱ ከበዛ ምስሉ ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ተበትኖ ቀጥ ይላል።

ዲሽን በተመለከተ ግን ተራራው ያለ ጥፋቱ የሚከሰስ ይመስለኛል። ከአዲስ አበባ ሲታይ ናይልሳት በምዕራብ በኩል ከአድማስ 36 ዲግሪ ገደማ፣ የኢትዮሳት ጣቢያዎች የሚገኙበት ሳተላይት ደግሞ በምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ መካከል 66 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብለው ይገኛሉ። ናይልሳትን ለመከለል 2 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ተራራ ከዲሹ ወደ 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ማለት ይኖርበታል፤ በከተማዋ ዙሪያ እንዲህ ያለ የለም። 10 ሜትር ርቀት ላይ ያለ የጎረቤት ፎቅ ግን ከዲሹ 8 ሜትር ከፍ ካለ ይበቃዋል፤ ያደገ ባሕር ዛፍም እንዲሁ። በክረምት ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ የሚጠፋው ምስል ደግሞ ጠብታዎቹ የሳተላይቱን አጭር ሞገድ ስለሚውጡት ነውና ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳል፤ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን መነካካት አያስፈልግም።