በየወሩ የሚመለስ የግል ብድር፦ አሠራሩና ከተበዳሪው የሚጠየቀው

በየወሩ የሚመለስ የግል ብድር አንድ ግለሰብ የተወሰነ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ፣ ዋናውን ከነወለዱ አስቀድሞ በተወሰነ መጠንና ቀን እየከፋፈለ የሚመልስበት ውል ነው። የክፍያው ብዛትና የመጨረሻው ቀን ውሉ ሲፈረም ስለሚቆረጥ፣ ተበዳሪው እየከፈለ መልሶ ከሚወስድበት የክሬዲት ካርድ ብድርም ሆነ ደመወዝ እስኪደርስ ተብሎ ተወስዶ በአንድ ጊዜ ከሚመለሰው የአጭር ጊዜ ብድር ይለያል። ገንዘቡ ለምን እንደሚውል አበዳሪው ብዙም አይከታተልም፤ ለሕክምና፣ ለትምህርት ክፍያ፣ ለሠርግ፣ ለቤት ዕቃ፣ ወይም በከፍተኛ ወለድ የተያዘ ሌላ ዕዳ ለመዝጋት ሊውል ይችላል።

የዚህን ብድር ጠባይ የሚወስነው ግን አጠቃቀሙ ሳይሆን የመመለሻው ምንጭ ነው። ነጋዴ ተበድሮ ያመጣው ዕቃ ተሸጦ ዕዳውን ይከፍላል፤ ተበድሮ ቤት የገዛ ሰው ቢያቅተው ቤቱ ተሸጦ ዕዳው ይዘጋል። በግል ብድር የተገዛው ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ተበልቷል ወይም ተለብሷል፤ ለሐኪም የተከፈለ ገንዘብም ተመልሶ አይሸጥም። ስለዚህ አበዳሪው የሚተማመነው ተበዳሪው ገና ባላገኘው ገቢ ላይ ነው። አመልካቹ የሚጠየቀው ወረቀት ሁሉ፣ ከደመወዝ ማስረጃው እስከ ዋሱ ፊርማ ድረስ፣ ይህን ያልመጣ ገቢ ከወዲሁ ለመገመት የሚደረግ ሙከራ ነው።

አመጣጡ

ዕቃን በክፍያ መሸጥ ገንዘብን በክፍያ ከማበደር ይቀድማል። የሲንገር ልብስ ስፌት መኪና ኩባንያ ሸሪክ የነበረው ኤድዋርድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1856 ቤተሰቦች ጥቂት ቅድሚያ ከፍለው መኪናውን እንዲወስዱና ቀሪውን ቀስ በቀስ እንዲከፍሉ የሚያስችል ሽያጭ ጀመረ። የዚህ ዓይነቱ ሻጭ ግን መያዣ ነበረው፤ ገዢው ክፍያውን ካቋረጠ ዕቃውን መልሶ መውሰድ ይችላል። ያለ መያዣ ለደመወዝተኛ ጥሬ ገንዘብ ማበደር ሌላ ድፍረት ይጠይቅ ነበር፤ የዚያ ዘመን የአሜሪካ ባንኮችም በአመዛኙ ለንግድ እንጂ ለወር ደመወዝተኛ አያበድሩም ነበር። ሠራተኛው ሲቸግረው የቀረው በር የአራጣ አበዳሪው ነበር።

አርተር ሞሪስ የተባለ ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1910 በቨርጂኒያ ግዛት በኖርፎክ ከተማ ያቋቋመው ድርጅት ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጣ ነው። በኋላ የሞሪስ ፕላን ተብሎ በብዙ ከተሞች የተስፋፋው ይህ አሠራር በንብረት ፈንታ የተበዳሪውን ጠባይና ሠርቶ የማግኘት አቅም ይመዝን ነበር፤ በዚያ ላይ ሁለት ዋሶች አብረው እንዲፈርሙ ይጠይቅ ነበር። ዕዳው በየሳምንቱ እየተከፋፈለ ይመለሳል፤ ወለዱም ገንዘቡ ለተበዳሪው ከመሰጠቱ በፊት ተቀንሶ ይቀራል። ዛሬ ከማንኛውም አመልካች የሚጠየቁት ነገሮች መሠረታቸው በዚያን ጊዜ ተጥሏል ማለት ይቻላል።

ራስል ሴጅ ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1916 ግዛቶች እንዲያጸድቁት ያዘጋጀው የአነስተኛ ብድር ሞዴል ሕግ ፈቃድ ያላቸው አበዳሪዎች እስከ 300 ዶላር የሚደርስ ብድር በወር እስከ 3.5 በመቶ ወለድ እንዲሰጡ ይፈቅድ ነበር። ለአንባቢ ይህ ራሱ አራጣ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ትንሽ ብድርም እንደ ትልቁ ማመልከቻ፣ ምርመራ፣ መዝገብና ሰብሳቢ ይፈልጋል፤ ወለዱ ከዚህ ወጪ በታች ሲገደብ ሕጋዊው አበዳሪ ገበያውን ለሕገወጡ ለቆ ይወጣል። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም። ትልልቆቹ ባንኮች የመጡት ዘግይተው ነው፤ የኒው ዮርኩ ናሽናል ሲቲ ባንክ የግል ብድር ክፍል የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1928 ነበር።

የወለዱ ስሌት

አብዛኞቹ ተበዳሪዎች የሚጠይቁት በወር ስንት እንደሚከፍሉ ነው፤ የሚጎዱትም በዚሁ ጥያቄ ነው። ወርኃዊው ክፍያ የመመለሻውን ጊዜ በማርዘም ብቻ እንደልብ ሊቀነስ ስለሚችል የብድሩን ዋጋ አይናገርም። 100,000 የገንዘብ አሐድ በዓመት 12 በመቶ ወለድ፣ በቀሪ ዕዳ ላይ እየታሰበ፣ በ12 ወር የሚመለስ ብድር ወርኃዊ ክፍያው 8,885 ያህል ነው፤ ጠቅላላ ወለዱም ወደ 6,619 ይጠጋል። ይኸው ብድር ወደ 36 ወር ሲረዝም ክፍያው ወደ 3,321 ይወርዳል፣ ወለዱ ግን ከ19,500 ያልፋል። የወለዱ መቶኛ አልተነካም፤ የተጨመረው ጊዜ ብቻ ነው።

በቀሪ ዕዳ ላይ የሚታሰብ ወለድ ማለት በየወሩ ገና ባልተከፈለው ዋና ገንዘብ ላይ ብቻ የሚሰላ ማለት ነው። ከላይ በተጠቀሰው የ12 ወር ብድር በመጀመሪያው ወር ከሚከፈለው 8,885 ውስጥ 1,000ው ወለድ ሲሆን የቀረው ዋናውን ይቀንሳል፤ በሁለተኛው ወር ወለዱ 921 ይሆናል፤ በመጨረሻው ወር 88 ብቻ ይቀራል። ክፍያው ከወር ወር እኩል ቢሆንም ውስጡ እየተለዋወጠ ይሄዳል፤ የወለዱ ድርሻ ከወር ወር ይቀንሳል፣ የዋናው ድርሻ ይጨምራል።

ሁለተኛው ስልት፣ በብዙ ቦታ ፍላት እየተባለ የሚጠራው፣ ተበዳሪው የቱንም ያህል ዋና ገንዘብ ቢመልስ ወለዱን መጀመሪያ በተወሰደው ሙሉ ገንዘብ ላይ ያሰላል። ያው 100,000፣ ያው 12 በመቶ፣ ያው 12 ወር ሆኖ ወለዱ 12,000፣ ወርኃዊው ክፍያም 9,333 ይሆናል። ይህን ክፍያ በቀሪ ዕዳ ስሌት መልሶ የመረመረ ሰው እውነተኛው የዓመት ወለድ 21.5 በመቶ ያህል ሆኖ ያገኘዋል። ሁለት አበዳሪዎች በማስታወቂያቸው 12 በመቶ ብለው ሁለቱም ሳይዋሹ አንዱ የሌላውን እጥፍ የሚጠጋ ሊያስከፍል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የአገልግሎት ክፍያም እንዲሁ ዋጋውን ይለውጠዋል። በቀሪ ዕዳ በሚታሰበው ብድር ላይ 3 በመቶ የማስፈጸሚያ ክፍያ ከመነሻው ቢቀነስ ተበዳሪው እጁ የሚገባው 97,000 ሲሆን የሚከፍለው ግን ለ100,000 ነው፤ እውነተኛው የዓመት ወለድም ወደ 18 በመቶ ይጠጋል። በብድሩ ላይ የግዴታ ሆኖ የሚታከል የሕይወት መድን ዓረቦንም በዚሁ መንገድ መታየት አለበት። የአሜሪካው የብድር ግልጽነት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲወጣ አበዳሪዎች ወለዱንና ዋና ዋና ክፍያዎችን በአንድ ላይ ደምረው የዓመት መቶኛ አድርገው እንዲያሳውቁ ያስገደደው ገበያው ራሱ ይህን ስላላደረገ ነው። አሁን ብዙ አገሮች ተመሳሳይ ደንብ አላቸው። ደንብ በሌለበት፣ ወይም ኖሮ በማይከበርበት፣ ተበዳሪው እጁ የሚገባውን ገንዘብና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚከፍለውን ድምር በጽሑፍ ከጠየቀ ብዙው ይገለጥለታል።

ወለድ በእምነታቸው የማይፈቀድላቸው ሰዎች የሚጠቀሙበት ሙራባሃ የተባለው ከወለድ ነፃ አሠራር የሽያጭ ውል ነው፤ ተቋሙ ዕቃውን ገዝቶ የራሱ ካደረገ በኋላ ትርፉን ገልጾ ለደንበኛው በክፍያ ይሸጥለታል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ በመዘግየት ምክንያት ሊጨምር አይገባም፤ ጥሬ ገንዘብ ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ውል በቀጥታ አይሆንም።

ከተበዳሪው የሚጠየቀው

ቀላሎቹ መስፈርቶች ቶሎ ያልፋሉ። አመልካቹ ውል ለመፈጸም ዕድሜው የደረሰ፣ ማንነቱን በመታወቂያ ወይም በፓስፖርት ማረጋገጥ የሚችልና አድራሻው የሚታወቅ መሆን አለበት። የባንክ ሒሳብም ይጠየቃል፤ ገንዘቡ የሚገባው፣ ክፍያውም የሚቆረጠው ከዚያ ነውና።

ክብደቱ ያለው ገቢው ላይ ነው። ለደመወዝተኛ የአሠሪው ደብዳቤ፣ የቅርብ ወራት የደመወዝ ማስረጃና የባንክ ሒሳብ መግለጫ ይበቃሉ። አበዳሪው ከደመወዙ መጠን ባላነሰ የሥራውን ቆይታ ይመለከታል፤ በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ወይም ኮንትራቱ ከብድሩ በፊት የሚያልቅ ሠራተኛ ደመወዙ ከፍ ቢልም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በግሉ የሚሠራ ሰው ፈተናው ይበረታበታል። ገቢው ከደመወዝተኛው ሊበልጥ ይችላል፣ ነገር ግን ወር በወር እኩል ስለማይመጣ የግብር ማስረጃና የረዘመ ጊዜ የሒሳብ እንቅስቃሴ ይጠየቃል። ገቢውን በእጁ እየያዘ ባንክ ሳያስገባ የኖረ ነጋዴ፣ ያለው ገንዘብ ለአበዳሪው እንደሌለ የሚቆጠርበት ጊዜ ይህ ነው።

ከገቢው ቀጥሎ የሚታየው አስቀድሞ የተያዘው ዕዳ ነው። አበዳሪው የአመልካቹን ወርኃዊ የዕዳ ክፍያዎች ሁሉ፣ አዲሱን ጨምሮ፣ ደምሮ ለወር ገቢው ያካፍላል። ድርሻው ስንት ሲደርስ ይበቃል የሚለው ከተቋም ተቋም ቢለያይም፣ ከገቢው ሲሶ ካለፈ ብዙዎች መጠንቀቅ ይጀምራሉ። ይህ ስሌት ግን ለባንክ እንጂ ለቤተሰብ የተሠራ አይደለም። አምስት ሰው የሚያስተዳድር አባወራና ብቻውን የሚኖር ሰው እኩል ደመወዝ ካላቸው፣ የጥገኞችን ቁጥር ለይቶ የማይጠይቅ አበዳሪ ዘንድ ሁለቱ እኩል ይታያሉ።

የብድር ታሪክ ሦስተኛው ማያ ነው። በጀርመን ሹፋ የተባለው የብድር መረጃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1927 በበርሊን ሲቋቋም መነሻው የከተማዋ የመብራት ኩባንያ የደንበኞች መዝገብ ነበር፤ የመብራት ሒሳቡን በጊዜው የሚከፍል ሰው የኤሌክትሪክ ዕቃም በክፍያ ቢሸጥለት ይከፍላል የሚል ግምት ነበር። ሐሳቡ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በሰፊው የሚሠራበት፣ ተበዳሪው ዕዳውን የመክፈል ዕድሉን በቁጥር የሚገምተው የፋይኮ ነጥብ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል፤ 35 በመቶው ካለፉት ክፍያዎች በጊዜ መከፈል፣ 30 በመቶው ካለው የዕዳ መጠን የሚመነጭ ሲሆን የቀረው በብድር ታሪኩ ርዝመት፣ በአዳዲስ ማመልከቻዎችና በብድሮቹ ዓይነት ይከፋፈላል። ገቢ በነጥቡ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ሀብታም ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ደመወዝተኛም ከፍተኛ ነጥብ ሊኖረው ይችላል። ተበድሮ የማያውቅ ሰውም ዕዳ ስለሌለበት አይመሰገንም፤ የሚመዘንበት ታሪክ ስለሌለው ይጠረጠራል እንጂ።

ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል አበዳሪው ወይ ይከለክላል፣ ወይ ወለዱን ይጨምራል፣ ወይም መያዣ አለበለዚያ ዋስ ይጠይቃል። ተሽከርካሪ ወይም በባንክ የተቀመጠ ቁጠባ በመያዣነት ሲቀርብ ወለዱ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ዋስትና ግን ከሁሉም በላይ ሳይታሰብበት የሚፈረም ግዴታ ነው። ብዙ ሰው ዋስ መሆንን ስለ ወዳጁ መልካም ጠባይ መመስከር አድርጎ ያየዋል፤ በተለመዱት የብድር ውሎች ግን ዋሱ ተበዳሪው ያልከፈለውን በሙሉ ሊከፍል የሚገደድ ሰው ነው፣ አንዳንዴም አበዳሪው ተበዳሪውን አስቀድሞ ሳይከስ በቀጥታ ወደ ዋሱ መሄድ ይችላል። ዕዳ ከሜዳ የሚባለው ይኸው ነው። ዋስ የሚሆን ሰው ቢያንስ የውሉን ግልባጭ መያዝ፣ ክፍያ ሲዘገይም ወዲያው እንዲነገረው ውሉ ውስጥ ማስጻፍ ይኖርበታል።

አበዳሪው ሊመዝናቸው የማይፈቀዱ ነገሮችም አሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የእኩል ብድር ዕድል ሕግ በጾታና በትዳር ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ መከልከልን አገደ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ዘርን፣ ሃይማኖትንና ዕድሜን ጨመረ። ከዚያ በፊት የራሷ ደመወዝ ያላት ሴት የባሏን ፊርማ መጠየቋ የተለመደ ነበር።

ከፊርማው በኋላ

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የፍጆታ ብድር መመሪያ ተበዳሪው ውሉን በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት እንዲተው ፈቅዷል፤ የተቀበለውን ገንዘብና የቀናቱን ወለድ መመለስ ግን አለበት። ይህ መብት በሌለበት ቦታ ፊርማው የመጨረሻ ነው። ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት የማስያዣ ወይም የማስፈቀጃ እየተባለ በግለሰብ ሒሳብ አስገቡ የሚል አበዳሪ ካጋጠመ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብድሩ ራሱ የለም፤ እውነተኛ ክፍያዎች ከሚሰጠው ገንዘብ ላይ ይቀነሳሉ ወይም በተቋሙ ስም በደረሰኝ ይሰበሰባሉ።

ክፍያ ሲዘገይ ቅጣት ይታሰባል፣ መዘግየቱም ወደ ብድር መረጃ ቋት ይተላለፋል፤ ሲደጋገም ውሉ ሙሉ ቀሪው ዕዳ በአንድ ጊዜ እንዲከፈል ሊፈቅድ ይችላል። ሥራ ያጣ ወይም የታመመ ተበዳሪ ቀኑ ሳያልፍ ቀርቦ ቢናገር የክፍያ መርሐ ግብሩን እንደገና ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይቻላል። ካለፈ በኋላ የሚጀመረው ድርድር ከቅጣቱ ጋር ነው።

ዕዳን ከጊዜው በፊት መክፈል ሁልጊዜ ትርፍ አለው ማለት አይደለም። ቀድሞ በአሜሪካ በሰፊው ይሠራበት የነበረው የ78 ደንብ የተባለው ስሌት ከ1 እስከ 12 ያሉት ቁጥሮች ሲደመሩ 78 ከመሆናቸው የተሰየመ ነው፦ የ12 ወሩ ወለድ በ78 ተከፍሎ የመጀመሪያው ወር 12 እጅ፣ ሁለተኛው 11 እጅ እያለ ይወርዳል። በስድስተኛው ወር ዕዳውን የዘጋ ሰው በዚህ ስሌት ከ78ቱ 57ቱን፣ ማለትም የጠቅላላውን ወለድ 73 በመቶ ከፍሎ ይገኛል። የአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1992 ይህን ስሌት ከ61 ወር በላይ ለሚቆዩ ብድሮች ከለከለ፤ ለአጭሮቹ ግን በፌዴራል ደረጃ አልታገደም። በፍላት የሚታሰብ ብድርም ቀድሞ ሲዘጋ ያልደረሰው ወለድ ይቀነስ እንደሆነ የሚወሰነው በውሉ ነው።

የመጨረሻው ክፍያ ሲፈጸም ተበዳሪው ከዕዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከአበዳሪው ይቀበላል፤ የተያዘ ንብረት ካለ እግዱ ይነሣል፣ የዋሱም ግዴታ ያበቃል። ደብዳቤውን ማስቀመጥ ይገባል፤ በመረጃ ቋት ውስጥ የተዘጋ ብድር እንዳልተዘጋ ሆኖ ሲገኝ ስሕተቱን ለማሳረም የሚቀርበው እሱ ነውና።